የከፍተኛ ግፊት ማጠቢያ ፓምፕ ብልሽትን መለየትና መንከባከብ በደጋ አካባቢ፦ መካነ ሰላምና የምዕራብ ደቡብ ወሎ ከፍታዎች እንደ ማሳያ

አኅጽሮት

የከፍተኛ ግፊት ማጠቢያ ማሽን ኃይል ሲያጣ በተለምዶ የሚሰጠው ፍርድ «ፓምፑ ሞቷል» የሚል ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የግፊት መጥፋት በራሱ የፓምፕ ሞት ማስረጃ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ምርመራው ከውሃው ምንጭ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ፓምፑ መድረስ እንዳለበት ያስረዳል። ለዚህም ዋናው ምክንያት ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ የከባቢ አየር ግፊት ከአንድ አራተኛ በላይ ስለሚቀንስ፣ በቆላ ያለ ችግር የሚሠራ የውሃ አቀራረብ በመካነ ሰላም ፓምፑን ሊያስርበው ይችላል። ጽሑፉ የፓምፑን አሠራር፣ የከፍታን ተጽዕኖ በስሌት፣ የምርመራውን ቅደም ተከተልና የእንክብካቤውን መርሐ ግብር በተራ ያቀርባል።

1. መግቢያ

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ዞን የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ በአቀስታ በኩል አድርገው ወደ ምዕራብ የሚጓዙ የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ተሸክመው ይገቡባታል። በመሆኑም በብዙ የአገራችን ከተሞች እንደሚታየው የመኪና እጥበት፣ በተለምዶ አጠራሩ ላቫጆ፣ በጥቂት መነሻ ገንዘብ ሊጀመር የሚችል የወጣቶች ሥራ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ውሃ፣ ቦታ፣ ጉልበትና አንድ የግፊት ማጠቢያ ማሽን ነው። ከእነዚህ ሁሉ በአካባቢው ሊተካ የማይችለው ማሽኑ ብቻ ነው።

የማሽኑ ውድ አካል ደግሞ ፓምፑ ነው። ፓምፑም ሆነ መለዋወጫው ከውጭ አገር የሚገባ ሲሆን፣ በአነስተኛ ከተማ ሲፈለግ እስከ ደሴ ወይም እስከ አዲስ አበባ መላክን ይጠይቃል። ማሽኑ በቆመባቸው ቀናት ገቢ የለም፤ የቦታ ኪራይና የብድር ክፍያ ግን አይቆሙም። ከዚህ የከፋው ደግሞ የተሳሳተ ምርመራ የሚያስከትለው ኪሳራ ነው። ጥፋቱ በውሃ መግቢያው ላይ ሳለ ፓምፑ ቢለወጥ፣ አዲሱ ፓምፕ ከዚያው ቱቦ ጋር ተገናኝቶ በዚያው ጥፋት ይጎዳል። ባለቤቱም ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ በሽታው ግን አልታወቀም።

መታወስ ያለበት ሌላ ነጥብ አለ። ይህ መሣሪያ የተወለደው በሌላ መልክዓ ምድር ነው። የጀርመኑ ካርሸር ኩባንያ በአውሮፓ የመጀመሪያውን የሙቅ ውሃ ከፍተኛ ግፊት ማጠቢያ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሠራ፣ ማሽኑ የታሰበው ከእኛ ደጋ እጅግ ዝቅ ላለ ምድርና ከቧንቧ በግፊት ለሚመጣ ንጹሕ ውሃ ነበር። ዛሬም የአምራቾች መመሪያ በአብዛኛው ይህንኑ ሁኔታ እንደ መነሻ ይወስዳል። ስለዚህ መመሪያውን በደጋ ሥራ ላይ የሚያውል ባለሙያ በመካከል ያለውን ልዩነት ራሱ ማስላት ይኖርበታል።

2. ፓምፑ እንዴት ይሠራል?

በእነዚህ ማሽኖች የሚገኘው ፓምፕ ከጉድጓድ ውሃ ለማውጣት ከምንጠቀምበት በክንፍ መሽከርከር ከሚሠራው ፓምፕ ይለያል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ፒስተኖች አሉት። በትናንሾቹ ማሽኖች ፒስተኖቹን የሚገፋው ዘንበል ብሎ የሚዞር ሰሐን ሲሆን፣ በትላልቆቹ ደግሞ እንደ መኪና ሞተር ያለ ክርንክር ዘንግ ነው። እያንዳንዱ ፒስተን ወደኋላ ሲሸሽ የመግቢያ ቫልቩ ተከፍቶ ውሃ ይገባል፤ ወደፊት ሲመጣ መግቢያው ተዘግቶ የመውጫ ቫልቩ ይከፈታል። ሦስቱ ፒስተኖች ተራ በተራ ስለሚሠሩ ፍሰቱ የተስተካከለ ይሆናል። ስለሆነም በአንድ ፓምፕ ውስጥ በጠቅላላው ስድስት ቫልቮች ይገኛሉ።

ከዚህ አሠራር አንድ መሠረታዊ እውነት ይከተላል። ፓምፑ የሚፈጥረው ፍሰትን እንጂ ግፊትን አይደለም። ግፊት የሚወለደው ያ ፍሰት በጠባቧ የኖዝል ቀዳዳ እንዲያልፍ ሲገደድ ነው። በደቂቃ 10 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ በትክክለኛው ኖዝል 120 ባር ቢሰጥ፣ ይህ ከ1,200 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የውሃ ዓምድ ከሚያሳድረው ግፊት ጋር ይመጣጠናል። ኖዝሉ ሲሰፋ ግን ፍሰቱ ሳይቀንስ ግፊቱ ይወድቃል። በተመሳሳይ ፍሰት የግፊቱ መጠን ከቀዳዳው ስፋት ካሬ ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ የቀዳዳው ዲያሜትር 10 በመቶ ብቻ ቢሰፋ 120 ባር የነበረው ወደ 82 ባር ይወርዳል። አሸዋ ያለው ውሃ ይህን ያህል ብረት ለመቦርቦር ረጅም ጊዜ አያስፈልገውም፤ በዓይን ግን ለውጡ አይታይም።

ከፒስተንና ከቫልቭ ሌላ ሦስት ክፍሎችን ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በፒስተኑ ዙሪያ የሚቀመጠው ማሸጊያ፣ በጋራዥ ቋንቋ ጎሚኒ፣ ነው። ውሃው ወደ ውጭም ሆነ ወደ ዘይቱ ክፍል እንዳያልፍ የሚያግደው እርሱ ነው። ሁለተኛው ማራገፊያ ቫልቭ ሲሆን፣ ሠራተኛው የሽጉጡን ምላጭ ሲለቅ ውሃው ወደ መግቢያው ወይም ወደ በርሜሉ ተመልሶ እንዲዞር ያደርጋል። ሦስተኛው በብዙ ማሽኖች ላይ የሚገኘው የሙቀት ቫልቭ ነው፤ በፓምፑ ውስጥ የሚዞረው ውሃ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ተከፍቶ ሙቁን ውሃ ወደ ውጭ ያፈሳል። ይህ ቫልቭ ውሃ ሲያፈስ «ፓምፑ ተቀደደ» ብሎ የሚደነግጥ ሰው ካለ፣ በእርግጥ እያየ ያለው ማሽኑ ራሱን ሲከላከል ነው።

3. ከፍታ ምን ይለውጣል?

3.1 የመግቢያው ወገን

በተለምዶ ፓምፕ ውሃ «ይስባል» እንላለን። ትክክለኛው አገላለጽ ግን ሌላ ነው፦ ፓምፑ ቦታ ያዘጋጃል፤ ውሃውን ወደዚያ ቦታ የሚገፋው ከበርሜሉ በላይ ያለው አየር ነው። ስለዚህ አየሩ ሲሳሳ ገፊው ይደክማል።

በባሕር ወለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት 101.3 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፣ ይህ 10.3 ሜትር ቁመት ካለው የውሃ ዓምድ ጋር እኩል ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ቀመር መሠረት በ2,600 ሜትር ከፍታ ግፊቱ ወደ 73.7 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ወደ 7.5 ሜትር የውሃ ዓምድ ይወርዳል። ልዩነቱ 2.8 ሜትር ገደማ ነው። ይህም ማሽኑን ከመሬት አንሥቶ ከአንድ ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ እንደ ማስቀመጥና ውሃውን ከታች እንዲያመጣ እንደ ማዘዝ ይቆጠራል።

ለአብነት ያህል ማሽኑ መሬት ውስጥ ከተቀበረ በርሜል ውሃ ያነሣል እንበል። የውሃው ወለል ከፓምፑ 2 ሜትር ይወርዳል፤ በቆሸሸ ማጣሪያና በጠባብ ቱቦ የሚባክነው ሌላ 2 ሜትር ነው፤ በ20 ዲግሪ ውሃ ለእንፋሎት ግፊቱ የሚቀነሰው ደግሞ 0.24 ሜትር ነው። በባሕር ወለል ለፓምፑ የሚተርፈው 6.1 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በመካነ ሰላም ግን 3.3 ሜትር ብቻ ይሆናል። ፓምፑ ያለ ችግር ለመሥራት 4 ሜትር የሚፈልግ ከሆነ ያው ማሽን፣ ያው ቱቦና ያው በርሜል በአንዱ ቦታ በሰላም ይሠራሉ፤ በሌላው ቦታ ፓምፑ ይራባል። የፒስተን ፓምፕ ውሃውን በምት በምት ስለሚወስድ፣ በረጅም ቱቦ ውስጥ ያለውን ውሃ ደጋግሞ ማፍጠን ራሱ ተጨማሪ ኪሳራ ያስከትላል፤ ይህም ከቱቦው ርዝመት ጋር እያደገ ይሄዳል።

ፓምፕ ሲራብ የሚደርሰው ጉዳት ካቪቴሽን ይባላል። በፒስተኑ ፊት ያለው ግፊት እጅግ ሲወርድ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላና ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠራሉ። ፒስተኑ ተመልሶ ሲገፋ አረፋዎቹ በኃይል ይሰባበራሉ፤ ድምፁም ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ይህ ምት የቫልቭ መቀመጫዎችን ይፈረፍራል፤ ማሸጊያዎችንም ይቆራርጣል። በ2,600 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ መሆኑን እናስታውስ። የውሃው ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ኅዳጉ ይበልጥ ይጠባል፦ በ60 ዲግሪ ለእንፋሎት የሚቀነሰው ብቻውን ወደ 2 ሜትር ይደርሳል። ምላጩ ተለቆ ማሽኑ ለረጅም ጊዜ እየሠራ ሲቆይ የሚዞረው ውሃ የሚሞቅ በመሆኑ፣ ይህ ልማድ በደጋ ከቆላው የበለጠ ጎጂ ነው።

3.2 ኃይል ሰጪው ወገን

በቤንዚን ሞተር ለሚሠሩ ማሽኖች ከፍታው ሌላ ቅጣት አለው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ በእያንዳንዱ ዙር የሚያቃጥለው ኦክስጅን ስለሚቀንስ በ2,600 ሜትር ከፍታ ኃይሉ በአንድ አራተኛ ገደማ ይጎድላል። 120 ባር በደቂቃ 10 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ በውሃው ላይ ብቻ 2 ኪሎ ዋት ያስፈልገዋል፤ የፓምፑና የማስተላለፊያው ብክነት ሲጨመር ወደ 2.5 ኪሎ ዋት ይደርሳል። ሞተሩ በባሕር ወለል ይህን ብቻ የሚችል ከሆነ በመካነ ሰላም በተመሳሳይ ፍሰት ሊሸከም የሚችለው 90 ባር ገደማ ነው። ሞተሩ እየተጨነቀ ሲሠራ፣ ካንዴላውም ጥቁር ጥላሸት ሲለብስ ጥፋቱ በፓምፑ ላይ አይደለም። መፍትሔው የካርቡሬተሩን የነዳጅ መጠን ለከፍታው ማስተካከልና ሰፋ ያለ ቁጥር ያለው ኖዝል መርጦ የሞተሩን ሸክም ማቃለል ነው።

የኤሌክትሪክ ሞተርም ነፃ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሞተር መለኪያ ደረጃ የሞተርን አቅም የሚወስነው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ ቀጭኑ አየር ሞተሩን በሚገባ አያቀዘቅዘውም። በዚህ ላይ የመስመሩ ቮልቴጅ ሲወርድ ችግሩ ይደረባል። የኢንዳክሽን ሞተር የመሽከርከር ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን፣ 220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ ጉልበቱ ወደ 67 በመቶ ያሽቆለቁላል። ረጅምና ቀጭን የማራዘሚያ ገመድ ደግሞ ይህንን ያባብሰዋል።

3.3 ውርጭ

በአምባ ፈሪት ዙሪያና በሌሎቹ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆኑ ቦታዎች ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውርጭ ይወድቃል። ውሃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በፓምፑ ራስ ውስጥ ያደረ ውሃ ከረጋ የነሐሱን አካል ሊሰነጥቀው ይችላል፤ የሴራሚክ ፒስተኑንም ይሰብራል። ጠዋት ሞተሩ እያጉረመረመ አልዞር ሲል ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን ያከፋል። ማሽኑን ወደ ሞቀ ክፍል አስገብቶ ቀስ በቀስ እንዲቀልጥ መተው ይገባል። እሳት ማስጠጋት ወይም የፈላ ውሃ ማፍሰስ ሴራሚኩን በድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ይሰነጥቀዋል።

4. የምርመራው ቅደም ተከተል

ከማንኛውም ሥራ በፊት ሞተሩ ይጥፋ፤ ኤሌክትሪኩ ይነቀል፤ ውሃው ይዘጋ፤ ምላጩም ተጭኖ በቱቦው ውስጥ የቀረው ግፊት ይውጣ። ከኖዝል የሚወጣ ውሃ ቆዳን በስቶ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያለው ቁስል ከላይ ሲታይ ትንሽ ቢመስልም ውስጡ የከፋ ስለሚሆን ሳይዘገይ ሐኪም ቤት መሄድን ይጠይቃል። ኖዝልን በጣት መሸፈን ወይም ቀዳዳውን ፊት ለፊት መመልከት ፈጽሞ አይገባም።

ከዚህ በኋላ የሚከተሉት ስድስት እርምጃዎች በተራቸው ይከናወናሉ። ተራው የተመሠረተው በወጪ ላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ምንም አያስወጡም፤ ፓምፑን መክፈት የመጨረሻው ነው።

*አንደኛ፣ የውሃው መጠን።* ለፓምፑ የሚመጣው ቱቦ ተነቅሎ 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ውስጥ ይለቀቅ፤ ጊዜውም ይያዝ። ማሽኑ በደቂቃ 10 ሊትር የሚወስድ ከሆነ አቅርቦቱ ቢያንስ 15 ሊትር ቢሆን ይመረጣል፤ ይህም ጀሪካኑ በ80 ሰከንድ ሲሞላ ነው። ለመሙላት 120 ሰከንድ ከፈጀ አቅርቦቱ ከፍላጎቱ ጋር እኩል ሆኗል፤ ኅዳግ የለውም። ከዚያ በላይ ከፈጀ ፓምፑ ተርቧል። በዚህ ሁኔታ የሚጠገነው የውሃው መስመር ነው።

*ሁለተኛ፣ ማጣሪያና ቱቦ።* በመግቢያው ላይ ያለው የወንፊት ማጣሪያ ይውጣና ይታጠብ። በክረምት ከወንዝ ወይም ከኩሬ የሚቀዳ ደፍራሽ ውሃ ይህን ማጣሪያ በአንድ ቀን ሊደፍነው ይችላል። ማጣሪያው ደጋግሞ ስለተደፈነ አውጥቶ መጣል መፍትሔ መስሎ ይታያል፤ ውጤቱ ግን አሸዋውን ወደ ቫልቮቹ ማስተላለፍ ነው። ትክክለኛው ዘዴ ውሃውን በአንድ በርሜል አሳርፎ ጠልሎ ሲቀር ከሥሩ ከፍ ብሎ ከተሠራ ቀዳዳ መቅዳት ነው። በሳሙና ዱቄት የሚሠሩም በሌላ ዕቃ በሚገባ አሟሙተው ቢጨምሩ ይመረጣል። ለስላሳ የሆነ ቱቦ በመምጠጥ ጊዜ ወደ ውስጥ ተጨፍልቆ ይዘጋልና ማሽኑ እየሠራ ሳለ ቱቦው በዓይን ይታይ።

*ሦስተኛ፣ የአየር መግቢያ።* በመምጠጫው ወገን ያለ ልል ማያያዣ ውሃ አያፈስም፤ አየር ያስገባል። ለዚህም ነው በቀላሉ የማይታየው። ማሽኑ እየሠራ በየማያያዣው ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባ፤ አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ ወይም የፓምፑ ድምፅ ከተለወጠ ቀዳዳው ተገኝቷል። አጭር ብርሃን አሳላፊ ቱቦ በመግቢያው ላይ ማስገባት ደግሞ የሚያልፈውን የአየር አረፋ በቀጥታ ያሳያል።

*አራተኛ፣ የፓምፑ ፍሰት።* ኖዝሉ ይወለቅና ማሽኑ ለአንድ ደቂቃ ወደ መለኪያ ዕቃ ያፍስስ። ፍሰቱ በማሽኑ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ጋር የሚቀራረብ ከሆነ የመግቢያው ወገን ደኅና ነው፤ ምርመራው ወደ መውጫው ይለፍ። ፍሰቱ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ከጎደለና ቱቦው በምት ከተንቀጠቀጠ ከሦስቱ ፒስተኖች የአንዱ ቫልቭ አልዘጋም ማለት ሊሆን ይችላል።

*አምስተኛ፣ ኖዝል።* ተመሳሳይ ቁጥር ያለው አዲስ ኖዝል ይገጠም። ግፊቱ ከተመለሰ ነገሩ በዚሁ አበቃ። በአንድ ሳጥን ውስጥ አንድ ያልተነካ ኖዝል ለመመርመሪያ ብቻ ማስቀመጥ፣ ብዙ ክርክርን የሚያስቀር ርካሽ መሣሪያ ነው።

*ስድስተኛ፣ ማራገፊያ ቫልቭ።* ምላጩ ተጭኖ ውሃ እየወጣ ሳለ በመመለሻው መስመር ውሃ ማለፍ የለበትም። መመለሻው ወደ በርሜል በሚሄድባቸው ማሽኖች ይህን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። ውሃ እየተመለሰ ከሆነ በቫልቩ መቀመጫ ላይ ቆሻሻ ገብቷል ወይም ጎማው አልቋል። እዚህ ላይ የሚሠራ አደገኛ ስሕተት አለ፤ ይኸውም ግፊቱ ስለወረደ የማራገፊያውን ሞላ ማጥበቅ ነው። ጥፋቱ በኖዝሉ ላይ ሳለ ሞላው ከጠበቀ፣ አዲስ ኖዝል በተገጠመ ዕለት ምላጩ ሲለቀቅ ግፊቱ ከልክ አልፎ ቱቦውን ወይም ፓምፑን ይቀዳል።

ከዚህ ቅደም ተከተል ውጭ ያለ አንድ ምልክት ይጠቀስ። ሞተሩ ቢያጉረመርምና ባይነሣ በመጀመሪያ ምላጩ ተጭኖ የቀረው ግፊት ይውጣ፤ ቀጥሎ ቮልቴጁ ይለካ፤ ከዚያም ካፓሲተሩ ይፈተሽ። እነዚህ ሦስቱ ደኅና ሆነው ሞተሩ ካልዞረ ብቻ ፓምፑ ተጣብቋል ወይም ረግቷል ተብሎ ይጠረጠራል።

5. ፓምፑ ሲከፈት

ስድስቱ እርምጃዎች መልስ ካልሰጡ ፓምፑ ይከፈታል። የቫልቮቹ ክዳኖች ሲወጡ የእያንዳንዱ ቦታ በቁጥር ምልክት ይደረግበት። በቫልቩና በመቀመጫው መካከል የተቀረቀረ የአሸዋ ቅንጣት፣ የተሰበረ ሞላ ወይም የነጣ የኖራ ቅርፊት ይፈለግ። ቅርፊት በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ ይለቃል። በመቀመጫው ላይ የተፈረፈረ ጉድጓድ ካለ ቫልቩን መለወጥ ብቻ በቂ አይደለም፤ ይህ የካቪቴሽን አሻራ ነውና የመግቢያው ምርመራ እንደገና ይጀመር። ስድስቱ ቫልቮች እኩል ስለሠሩ አንዱ ካለቀ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ ይመረጣል።

ውሃ በፓምፑ ሆድ በኩል የሚንጠባጠብ ከሆነ ጥፋቱ በማሸጊያው ነው። ማሸጊያውን ከመለወጥ በፊት ፒስተኑ በጥፍር ይዳሰስ። ጥፍርን የሚይዝ ጭረት ወይም ስንጥቅ ካለበት አዲሱ ማሸጊያ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይበላል። ማሸጊያው ሳይለወጥ ሲቆይ ውሃው ወደ ዘይቱ ይዘልቃል፤ ዘይቱም ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስላል። ይህ ምልክት ችላ የማይባል ነው። ውሃ የገባበት ዘይት ኩሽኔታዎቹን በዝገት ስለሚበላ፣ በአንድ ጎሚኒ ይቆም የነበረው ጥገና ወደ ሙሉ ፓምፕ ግዢ ይሸጋገራል። ሲገጠም የራሱ ብሎኖች ተሻግረው በመስቀልኛ ተራ፣ በአምራቹ በታዘዘው ልክ በቶርክ መፍቻ ይጥበቁ።

6. የእንክብካቤ መርሐ ግብር

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው መርሐ ግብር በአብዛኛው ገንዘብ ሳይሆን ልማድ የሚጠይቅ ነው።

*በየቀኑ፦* ሥራ ከመጀመሩ በፊት የዘይቱ መጠንና መልክ ይታይ፤ ማጣሪያው ይታጠብ፤ ምላጩ ተጭኖ አየሩ በሙሉ እስኪወጣ ውሃ ይለቀቅና ከዚያ ሞተሩ ይነሣ። በሥራ መካከል ምላጩ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ በላይ ተለቆ የሚቆይ ከሆነ ማሽኑ ይጥፋ። ማታ ንጹሕ ውሃ ይለፍበትና ሳሙናው ይጽዳ፤ ከዚያም ግፊቱ ይውጣ።

*በየሳምንቱ፦* ማያያዣዎች ይጥበቁ፤ የጀሪካኑ ልኬት ይደገም፤ ውጤቱም በደብተር ይጻፍ። ዛሬ 75 ሰከንድ የነበረው ከአንድ ወር በኋላ 95 ከሆነ፣ ማሽኑ ሳይቆም በፊት የሚመጣው ችግር ታውቋል።

*በሥራ ሰዓት፦* ብዙ አምራቾች የመጀመሪያው የዘይት ለውጥ ከ50 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ቀጣዮቹ ደግሞ በየ500 ሰዓቱ እንዲሆኑ ያዝዛሉ። በቀን 6 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን የሚሠራ ማሽን የመጀመሪያውን 50 ሰዓት ከ9 ቀናት ባነሰ ሥራ፣ 500 ሰዓቱንም በ14 ሳምንታት ገደማ ይሞላል። «በዓመት አንድ ጊዜ» የሚለው የቤት ተጠቃሚ ልማድ ለላቫጆ ሥራ እንደማይሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

*በውርጭ ወራት፦* ማታ የውሃው ቱቦ ተነቅሎ ማሽኑ ምላጩ ተጭኖ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይነሣና የቀረውን ውሃ ያውጣ። ከዚያ በላይ በደረቁ መሥራት ማሸጊያውን ያቃጥላል። ማሽኑ በቤት ውስጥ ይደር።

በመጨረሻም አተካከሉ ራሱ እንደ እንክብካቤ ይቆጠር። የተቀበረውን በርሜል ትቶ ሮቶውን ከፓምፑ ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ማስቀመጥ፣ ቱቦውንም አጭርና ሰፊ ማድረግ ከላይ የተሰላውን ነገር ይለውጠዋል። በንጹሕ ማጣሪያ የሚባክነው ወደ ግማሽ ሜትር ቢወርድ ለፓምፑ የሚደርሰው 7.5 ሲደመር 1፣ ሲቀነስ 0.5 እና 0.24፣ ማለትም 7.8 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ቀድሞ ከነበረው 3.3 ሜትር ከእጥፍ በላይ ነው። ከባሕር ወለሉ 6.1 ሜትርም ይበልጣል። ከፍታው የወሰደውን የእንጨት ወይም የብረት መቆሚያ ይመልሰዋል ማለት ነው።

7. ማጠቃለያ

የግፊት መጥፋት ከብዙ መንስኤዎች የሚመጣ የጋራ ምልክት ነው። ከእነዚህ መንስኤዎች መካከል የፓምፑ ማለቅ አንዱ ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ በመግቢያው ወገን የቆየ ረኃብ ያስከተለው ውጤት ሊሆን ይችላል። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ከፍታዎች የሚሠራ ባለሙያ በመመሪያው ያልተጻፉ ሦስት ነገሮችን መጨመር አለበት፦ የሳሳውን አየር፣ የደከመውን ሞተርና የሌሊቱን ውርጭ።

ጉዳዩ ለተጨማሪ ጥናት ክፍት ነው። በተለይ የየማሽኑን የመግቢያ ግፊት በአነስተኛ መለኪያ እየያዙ ከማሸጊያና ከቫልቭ ዕድሜ ጋር ማነጻጸር፣ ለቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሥልጠና የሚጠቅም መረጃ ያስገኛል። እስከዚያው ድረስ አንድ ጀሪካን፣ አንድ ሰዓትና አንድ ያልተነካ ኖዝል በእጁ ያለ ሠራተኛ፣ አዲስ ፓምፕ ለመግዛት ከመወሰኑ በፊት የሚፈልገውን ማስረጃ በግማሽ ቀን ውስጥ ማግኘት ይችላል።